የኮቡርግ ባንዲራ፦ ቅዱሱ ወዴት ነው የሚያየው?

ባንዲራውን ከላስቲኩ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጆሮ ጌጡ ላይ ነው። ቢጫ ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ የአንድ ጥቁር ሰው ራስ። ጸጉሩ ከርዳዳ፣ ከንፈሩ ቀይ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ቀለበት፣ ፊቱ ወደ ጎን የዞረ። አንገቱ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ አክሊል የለው።

ይህ የኮቡርግ ከተማ አርማ ነው። ኮቡርግ ጀርመን አገር፣ ባየርን ግዛት ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች፣ ከ40,000 ትንሽ አለፍ ያለ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። መሃል ከተማዋን በግማሽ ቀን በእግር ታዳርሷታላችሁ። ባለፈው ሐምሌ ሄጄ ነበር፤ አርማው ያለበትን ባንዲራም ከአንድ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ በ18 ዩሮ ገዛሁ። 90 በ150 ሴንቲ ሜትር፣ ፖሊስተር፣ በአንድ በኩል የታተመ።

ቸኩሎ የሚያነብም አለና ውጤቱን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጨርቁና ስፌቱ ከአምስት ሁለት ኮከብ። አርማው እንደ ዲዛይን አራት። አርማው የተሸከመው ታሪክ ሙሉ አምስት። ለገዢ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ምንም ኮከብ አላገኘም፣ ምክንያቱም ማብራሪያ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ የመጨረሻው ነው።

ሱቁ ውስጥ ሻጯን "ይሄ ሰው ማነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ሞር ነው" አለችኝ። ሞር ጀርመኖች ድሮ ጥቁር ሰውን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው እንደ ስድብ ስለሚያየው አይጠቀምበትም። "እሺ፣ ስሙስ?" አልኳት። "እንዲሁ የኮቡርግ ሞር ነው የሚባለው" አለች። ትሁት ልጅ ናት፣ ክፋት አላየሁባትም፣ ባንዲራውንም በወረቀት ጠቅልላ በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ። ግን ሰውየው እኮ ስም አለው። ያውም ትልቅ ስም።

ቅዱስ ማውሪትዮስ ይባላል፤ ጀርመኖቹ ሞሪትስ ይሉታል። የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ነው፣ ዋናው ቤተ ክርስቲያኗም በእሱ ስም ነው የሚጠራው። ታሪኩን ስትሰሙ ከቤታችሁ የራቀ አይመስላችሁም። ዘመኑ የዲዮቅልጥያኖስ ነው፣ እኛ ዓመተ ሰማዕታትን የምንቆጥርበት ያው ክፉ ዘመን። ማውሪትዮስ ከላይኛው ግብፅ፣ ከቴብ አገር የመጣ የሮም ጦር አዛዥ ነበር፤ ወታደሮቹም እንደሱ ክርስቲያኖች ናቸው። ከዲዮቅልጥያኖስ ጋር አብሮ የነገሠው መክስምያኖስ ይህን ሌጌዎን አልፕስ ተራሮችን አሻግሮ ወሰደውና ክርስቲያኖችን እንዲያሳድድ አዘዘው። እምቢ አሉ። ከአሥሩ አንዱን እየቆጠሩ ገደሏቸው። አሁንም እምቢ አሉ። እንደገና ከአሥሩ አንዱን። በመጨረሻ ሁሉንም ፈጇቸው ይላል ትውፊቱ። ቦታው ያኔ አጋውኑም ይባል ነበር፤ ዛሬ ስዊዘርላንድ ውስጥ በራሱ በቅዱሱ ስም ሳን ሞሪስ ተብሎ ይጠራል፣ እ.ኤ.አ. በ515 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ገዳምም እስካሁን አለ። ታሪኩን በ5ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የሊዮኑ ጳጳስ ኤውኬርዮስ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ሌጌዎኑ በሙሉ እንዲህ አልቋል የሚለውን ይጠራጠራሉ። እኔ ግን እዚህ የምገመግመው አርማውን ነው፣ አርማው ደግሞ የሚናገረው ይሄን ነው፤ ሰይፍ ታጥቆ ሳለ ሰይፉን ንጹሕ ሰው ላይ አልመዝም ያለ ሰው።

አሁን ወደ ጨርቁ እንመለስ።

ቀለሙ ደህና ነው። ቢጫው ጠገብ ያለ፣ ጥቁሩም ወደ ግራጫ ያልሄደ። ጠርዙ ግን አንድ መስመር ስፌት ብቻ ነው፤ ነፋስ ላይ የሚውል ባንዲራ በነፋሱ በኩል ያለው፣ ከዘንጉ የራቀው ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ መሰፋት አለበት፣ አለበለዚያ ቶሎ መተርተር ይጀምራል። የኔ ገና ሳይሰቀል ጥጉ ላይ ክር ለቋል። ይህን እንኳ በ18 ዩሮ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቀለበቶቹን ነገር ነው።

ገመድ የሚገባባቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች የተመቱት በተሳሳተው ጠርዝ ላይ ነው። ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል፣ ባንዲራ እስከተሰቀለ ድረስ። አለው! የጋሻ አርማ ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው። ግራና ቀኝ የሚባለው ከተመልካቹ ሳይሆን ጋሻውን ከያዘው ሰው አንጻር ነው፣ ስለዚህ ለኛ ወደ ግራ የሚመስለን ለሱ ቀኙ ነው። ሰውም ይሁን አንበሳ ወይም ንስር፣ ጋሻ ላይ ሲሳል በልማድ የሚያየው ወደ ቀኙ ነው። ያ ጋሻ ወደ ባንዲራ ሲዞር ምስሉ ወደ ዘንጉ ፊቱን ይሰጣል። ለምን? ባንዲራ ይዞ ወደ ፊት የሚሄድ ሰውን አስቡት። ዘንጉ ከፊት፣ ጨርቁ ከኋላ እየተውለበለበ። ወደ ዘንጉ የሚያይ ምስል አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ፊቱን ከዘንጉ ያዞረ ምስል ደግሞ የሚሸሽ ይመስላል።

የኔ ባንዲራ ላይ ቅዱስ ማውሪትዮስ እየሸሸ ነው።

ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ከቦታው ያልተነቃነቀ አዛዥ፣ በሁለት የብረት ቀለበት ምክንያት ወደ ኋላ ሲያይ ይውላል። ለሱቁ ነገርኳቸው፤ "ሁሉም እንዲህ ነው የመጣው" የሚል አጭር መልስ መጣልኝ። ገንዘቤን አልጠየቅኩም። ግን ቅር አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እኔም ወዲያው አልገባኝም ነበር።

አርማውን እንደ ዲዛይን ካየነው በጣም ጎበዝ ሥራ ነው። በዚህ ሙያ ቀለማት በሁለት ይከፈላሉ፤ ወርቅና ብር (ቢጫና ነጭ ማለት ነው) እንደ ብረት ይቆጠራሉ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ደግሞ ቀለም ይባላሉ። ብረት በብረት ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይደረብም። ሕጉ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው፤ ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ፊቱን በብረት የሸፈነ ፈረሰኛ የማን ወገን እንደሆነ በጋሻው መለየት ነበረበት። ጥቁር በወርቅ ላይ ከዚህ ሕግ አንጻር የሚገኝ ከሁሉ ጎላ ያለ ጥምረት ነው። ኮቡርግ ውስጥ አርማውን ከመንገድ ማዶ አየሁት፣ ትንሽ ባጅ ላይ አየሁት፣ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይለያል። ብዙ ከተሞች ጋሻቸው ላይ ቤተ መንግሥት፣ ወንዝ፣ ስንዴ፣ የማሽን ጥርስ፣ ዛፍ፣ ሁሉንም ይጭኑና ከአሥር ሜትር ላይ ምንም የማይታይ ነገር ይሆናል። ኮቡርግ አንድ ፊት ብቻ አስቀመጠች።

አንድ መፈተኛ አለ፤ ጥሩ ባንዲራ ልጅ አንድ ጊዜ አይቶ በቃሉ የሚስለው ነው ይባላል። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ባንዲራውን አሳየኋትና አጥፌ አስቀመጥኩት። በእርሳስ ሞካከረች፣ ጸጉሩን ክብ ክብ አድርጋ፣ ጆሮ ጌጡን ትልቅ አድርጋ፣ በቃ እሱ ነው። ከዚያ ቀና ብላ "ሌላኛው ዓይኑስ?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ።

ለምን እንደዚያ እንደጠየቀች የሚገባችሁ ቤታችሁ ውስጥ የኛ የሥዕል አድኅኖ ካለ ነው። በኛ ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት ነው የሚሳሉት፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ፣ ትልልቅ ናቸው፣ እናንተን ነው የሚያዩት። በአንድ ዓይን፣ ወደ ጎን የሚሳለው ክፉው ነው። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ ይሁዳ፣ ሰይጣን። ልጅቷ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም፤ ከእናቷ አልጋ በላይ ያለውን ሥዕል እያየች አድጋ ነው። ለሷ አንድ ዓይን ያለው ሰው ጥሩ ሰው አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጀርመናዊው ሠዓሊ ይህን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። በነሱ ሙያ ራስ ወደ ጎን መዞሩ የተለመደ ነው፣ የነገሥታት ፊት ሳንቲም ላይ እንደሚዞረው። ስድብ የለበትም። ግን ሥዕሉን ብዙ ሳየው የልጅቷ ጥያቄ ውስጤ ቀረ። ምክንያቱም ከዓይኑ ሌላም የጎደለ ነገር አለ። የቅዱስነቱ ብርሃን የለም። የጦር ልብሱ የለም። ጦሩ የለም። ቀይ ከንፈርና ጆሮ ጌጥ ግን አለ። ማለትም ከሰውየው ላይ ማንነቱን የሚነግረው ሁሉ ተወስዶ፣ ጥቁርነቱን የሚያጎላው ብቻ ቀርቷል። ሻጯ "ሞር ነው" ያለችኝ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከዚያው ከሥዕሉ ነው። ሥዕሉ የነገራትን ነው የነገረችኝ።

እንዲህ መሆን አልነበረበትም ለማለት ማስረጃው እዚያው ጀርመን ውስጥ አለ። ማግደቡርግ ካቴድራል ውስጥ ከ1240 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ገደማ የተቀረጸ የቅዱስ ማውሪትዮስ ሐውልት ቆሟል። ንጉሥ ኦቶ ቀዳማዊ በ937 በዚያች ከተማ ገዳም ሠርቶ በእሱ ስም ሰይሞት ነበር፣ ስለዚህ የማግደቡርግ ሰዎች ቅዱሱን እንደ ራሳቸው ነው የሚያዩት። ከዚያ ሐውልት በፊት በአውሮፓ ማውሪትዮስን ነጭ አድርገው ነበር የሚስሉት። ይህ ቀራጺ ግን ከአፍሪካ የመጣ ሰው አድርጎ ቀረጸው። ከራሱ እስከ ትከሻው የሰንሰለት ጥሩር ለብሷል፣ ፊቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጭንቀት አለ፣ ፊት ለፊት ነው የሚያየው። እግሮቹ ተሰብረው ጠፍተዋል፣ ጦሩም የለም፣ ግን አንድ ጊዜ ካያችሁት አዛዥ መሆኑን የሚነግራችሁ አያስፈልግም። አንድ ሰው ቆሞለት፣ ወይም አንድን ሰው በደንብ አስተውሎ የሠራው ይመስላል። ከ700 ዓመት በላይ ሆነው፤ አሁንም ከኮቡርግ ባንዲራ የተሻለ ሥዕል እሱ ነው።

ኮቡርግ ራሷም ብትሆን የተሻለ አላት። ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ጫፍ ላይ የቆመ የቅዱሱ ምስል አለ፣ ሙሉ ቁመናው፣ እጁ ላይ የአዛዥነት በትር ይዞ። የከተማዋ ሰው ግን በፍቅር የቋሊማው ሰውዬ ይለዋል፤ የኮቡርግ ቋሊማ ርዝመት የሚለካው በዚያ በትር ነው እየተባለ ይወራል። አደባባዩ ላይ ቋሊማውን በጥድ ፍሬ እሳት ነው የሚጠብሱት፣ ጭሱ አደባባዩን ሞልቶታል። ዓርብ ስለነበር አልቀመስኩም፣ ስለዚህ ስለ ጣዕሙ የምለው የለኝም። ግን እዚያ ቆሜ ቀና ብዬ አየሁት፣ ጭሱ በስሩ ያልፋል፣ እሱ ከላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አደባባዩ መሃል ደግሞ የአልበርት ሐውልት አለ፤ በ1819 እዚያው አካባቢ የተወለደው፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባል። ሐውልቱን ራሷ ቪክቶሪያ መጥታ በ1865 ነው የመረቀችው። ቱሪስቱ ሁሉ አልበርት ስር ፎቶ ይነሳል። ወደ ጣሪያው የሚያይ አላየሁም።

ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአደባባዩ ወጥቼ በጠባቡ መንገድ ስወርድ ጫማዬ ብረት ረገጠ። ዝቅ ብዬ ሳይ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ነው፣ መሃሉ ላይ ያው ራስ። ከርዳዳ ጸጉሩ በመኪና ጎማ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ ጆሮ ጌጡ ውስጥ ጭቃ ገብቷል፣ የሲጋራ ቁራጭ ከንፈሩ ጋ ተወትፏል። ከተሞች አርማቸውን በፍሳሽ ክዳን ላይ ማድረጋቸው የተለመደ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በየቦታው አንበሳውንም ንስሩንም ስትረግጡ ነው የምትውሉት። አውቃለሁ። ግን ይህ አንበሳ አይደለም። እግሬን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መንገዱን እያየሁ ነበር የምራመደው።

እስካሁን ያልኩትን አንብባችሁ "እንግዲያውስ አርማው ይነሳ ነው የምትሉት?" ብትሉኝ፣ አይደለም። በጭራሽ። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተነስቶ ያውቃል።

ኮቡርግ በ1929 በጀርመን አገር ናዚዎች በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሙሉ አብላጫ ያገኙባት የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። አርማው ላይ ጥቁር ሰው መኖሩን እንዴት ይቻሉት? በ1934 አነሱት። በቦታው እጀታው ጫፍ ላይ ስዋስቲካ ያለበት ሰይፍ አደረጉ። አስቡት። ሰይፉን አልመዝም ያለውን ሰው አውጥተው ሰይፍ አስገቡ። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ቅዱሱ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ሳነብ ለአርማው ያለኝ ስሜት ተለወጠ። ናዚዎች ያንን ፊት መታገሥ ያቃታቸው ጥቁር ሰውን ከሁሉ በላይ፣ የከተማው ራስ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ እሱን ማንሳት፣ በሌላ ምክንያትም ቢሆን፣ እጄን ያሸማቅቀዋል።

በ2020 ክርክሩ እንደገና ተነስቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ ብዙ አገር ሐውልትና የመንገድ ስም ሲፈተሽ የኮቡርግም ተራ ደረሰ። ሥዕሉ ዘረኛ ነው፣ ይቀየር የሚል ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። አይነካብን የሚልም በተቃራኒው ፊርማ አሰባሰበ። አርማው እንዳለ ቀጠለ። እኔ ሁለቱንም ወገን ስሰማ ግማሽ ግማሽ እውነት ይታየኛል። ይቀየር የሚሉት ሥዕሉን አይተዋል፤ ከንፈሩን፣ ጆሮ ጌጡን፣ ድሮ ሸቀጥ ላይ እንደ ማስታወቂያ ይለጠፍ ከነበረው የጥቁር ሰው ምስል ጋር መመሳሰሉን። ልክ ናቸው። አይነካ የሚሉት ደግሞ ይህ ቅዱሳችን ነው፣ የምናከብረው ነው ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው። ግን የምታከብሩት ከሆነ ስሙን ለሻጮቻችሁ ንገሯቸው እንጂ! ካከበራችሁት ሥዕሉን ከጣሪያው ላይ ካለው ሰውዬ ጋር አስተያዩት። የጋሻ አርማ ሙያ ይህን ይፈቅዳል፤ በዚህ ሙያ ወሳኙ ነገር በቃላት የተጻፈው መግለጫ ነው፣ ሥዕሉን እያንዳንዱ ዘመን በራሱ እጅ እንደገና ይስለዋል። በወርቅ መደብ ላይ የቅዱስ ማውሪትዮስ ራስ የሚለው ሳይነካ፣ አንድ ጥሩ ሠዓሊ ጠርቶ ማግደቡርግ ያለውን ፊት እያየ እንዲስል ማድረግ ይቻላል። ከንፈሩን እንደ ሰው ከንፈር። ከራሱ ኋላ ብርሃን። በቃ።

ኮቡርግ ብቻዋን አይደለችም በዚህ ነገር። ከሙኒክ ሰሜን ያለችው ፍራይዚንግ የድሮ የጳጳስ ከተማ ናት፣ የጳጳሳቷ ጋሻ ላይም አክሊል የደፋ ጥቁር ራስ አለ። በላቲን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? ካፑት ኤቲዮፑም። የኢትዮጵያውያን ራስ! መጀመሪያ ሳነበው ከወንበሬ ተነሳሁ። በእርግጥ ያኔ በላቲንም በግሪክም ኢትዮጵያዊ ማለት ፊቱ የጠቆረ ሰው ሁሉ ነው፣ የኛን አገር ብቻ አያመለክትም። ቢሆንም ስሙ ስሙ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ ቀድሞ የሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጳጳስ ስለነበሩ በ2005 ሲሾሙ ያንን ራስ ጋሻቸው ላይ አስቀመጡት፣ ዓለም ሁሉ አየው።

የፍራይዚንግ ጳጳሳት ግዛት ስሎቬኒያ ድረስ ይደርስ ነበር። ሽኮፍያ ሎካ የምትባል ትንሽ ከተማ በ973 ከንጉሠ ነገሥት ኦቶ ዳግማዊ ተሰጥታቸው እስከ 1803 ይዘዋታል፣ እሷም ዛሬ ድረስ አክሊል የደፋውን ጥቁር ራስ በአርማዋ ይዛለች። የዚያ አገር ሰዎች ግን የራሳቸውን ታሪክ ነው የሚያወሩት። ጳጳስ አብርሃም በጫካ ሲያልፉ ድብ መጣባቸው፤ ጥቁር አገልጋያቸው ቀስቱን ስቦ ድቡን ጣለው። ጳጳሱም የሠራኸውን ትውልድ እንዳይረሳው ምስልህን አስቀርጻለሁ አሉ ይባላል። ተረት ይሁን። ግን ልብ በሉ፣ ጥቁሩ ሰውዬ በዚያ ተረት ውስጥ ሥራ አለው። አንድ ልጅ አርማውን አይቶ ማነው ሲል፣ እናቱ የምትነግረው ነገር አላት፤ ጳጳሱን ያዳነው ሰውዬ። ኮቡርግ ሱቅ ውስጥ ያጣሁት ይሄንን ነው። ያውም ኮቡርግ ያላት ታሪክ ከድቡ በብዙ ይበልጣል።

በላትቪያና በኢስቶኒያ ዋና ከተሞች፣ በሪጋና በታሊን ውስጥም ያላገቡ ነጋዴዎች ማኅበር ነበር፣ ጥቁር ራሶች የሚባል፣ ጠባቂያቸው ያው ማውሪትዮስ። ሪጋ ያለው ቤታቸው በጦርነቱ ፈርሶ በ1999 እንደገና ተሠርቷል። እዚያ ገና አልሄድኩም፤ ስሄድ እጽፍላችኋለሁ።

ባንዲራውን መግዛት ለምትፈልጉ፣ ጥቂት ነገር ልበል። የታተመውን ሳይሆን የተሰፋውን ካገኛችሁ ዋጋው ከበድ ቢልም እሱን ውሰዱ፣ ቢጫው ላይ ጥቁሩ ጨርቅ ተቆርጦ ሲሰፋ ፊቱ መስመር ይኖረዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ዘርጉትና ቀለበቶቹ የት እንዳሉ እዩ፤ ፊቱ ወደ ቀለበቶቹ ማየት አለበት። የነፋሱን በኩል ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት፣ አንድ መስመር ስፌት ብቻ ከሆነ ውጭ አትስቀሉት። ሻጯንም "ማነው?" ብላችሁ ጠይቋት። "ሞር ነው" ካለች ስሙን ንገሯት፣ በትህትና። እኔ ያኔ አላውቀውም ነበርና አልነገርኳትም፤ ማታ ሆቴል ገብቼ ነው ያነበብኩት፣ ጠዋት ባቡሬ ከሱቁ በፊት ነበር የሚነሳው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የኔን ግን አስተካክየዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቀለበቶቹን በፒንሳ ነቅዬ፣ ጠርዙን ተርትሬ፣ በሌላኛው በኩል ጠንከር ያለ ነጭ ሸራ ደርቤ ሰፋሁትና አዲስ ቀለበት መታሁበት። የእህቴ ልጅ ጨርቁን ወጥራ ይዛልኝ ነበር። ስጨርስ "በኛ ሥዕል እኮ ስማቸው አጠገባቸው ይጻፋል" አለች። እውነቷን ነው። የልብስ ማርከር አመጣሁላትና በነጩ ሸራ ላይ፣ በፊቱ ትይዩ፣ በራሷ እጅ ጻፈችው፤ ቅዱስ ማውሪትዮስ። የመጨረሻዋ ስ ትንሽ ወደ ታች ወርዳለች፣ ቦታ አልበቃትም። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። አሁን ወደ ዘንጉ ነው የሚያየው።